ደንበኛው ማን ነው? የሕግ ሰው ዩኒቨርሲቲ ሲመራ

ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ወጣት ቢሮዬ መጣ። ቢሮዬ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ዝናብ ሲጥል የቆርቆሮው ጩኸት ጠበቃና ባለጉዳይ አያደማምጥም። ልጁ እስኪያባራ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ከደረት ኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ነበር። ከቁጥሩና ከቀኑ በታች ያለው ጽሑፍ ሁለት መስመር ነው፦ በፈጸመው የዲሲፕሊን ጥፋት ለሁለት ዓመት ከትምህርት ታግዷል። ከሥሩ ፊርማ፣ ፊርማውን ግማሽ የሸፈነ ክብ ማኅተም፣ ግልባጭ ለአራት ቢሮዎች። ጥፋቱ ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ማን እንደመሰከረ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደተወሰነ፣ ይግባኝ ለማን እንደሚባል የሚል ቃል የለበትም። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። «ጋሼ፣ ምን አደረገ እንደተባልኩ ከዚህ ላይ ያገኙታል?» አለኝ።

ልጁ ንጹሕ ነበር ለማለት አይደለም ይህን የማነሣው። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ጥፋት ነበረበት፣ ቀላልም አልነበረም። ያሳሰበኝ ደብዳቤው ነው። የሁለት ዓመት ዕድሜ የሚወስድ ውሳኔ በሁለት መስመር የሚጽፍ ተቋም መሪው ማን ነው? ምን ተምሮ፣ ምን ሠርቶ፣ በየትኛው በር ገብቶ እዚያ ወንበር ላይ ደረሰ? ይህ ጥያቄ በዚህ ጊዜ ከመቼውም ይልቅ አንገብጋቢ ሆኗል።

ምክንያቱ የራስ ገዝነት ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲዎችን ራስ ገዝነት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከጸደቀ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገሪቱ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎችን በተልዕኮ ሲለይ በምርምር ዘርፍ ከመደባቸው ስምንቱ አንዱ ሐዋሳ ነው፤ የራስ ገዝነቱ ወሬም ከዋናው ግቢ የመምህራን መዝናኛ እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባ ቤት ድረስ ይወራል። ራስ ገዝ መሆን ማለት ዩኒቨርሲቲው ተማሪውን ራሱ ይቀበላል፣ ሠራተኛውን ራሱ ይቀጥራል፣ ገንዘቡን ራሱ ያስተዳድራል ማለት ነው። በሌላ አነጋገር፣ እስከ ዛሬ ከላይ የመጣ መመሪያ ሲያስፈጽም የኖረው ፕሬዚዳንት መመሪያ አውጪ ይሆናል። ጥፋት ሲገኝም «ከሚኒስቴር የመጣ ነው» የሚለው መሸሸጊያ ይቀርበታል።

አዲስ ፕሬዚዳንት ይሾማል በተባለ ቁጥር በከተማችን ቀድሞ የሚጠየቀው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ነው። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በሐዋሳ ብቻ ሳይሆን በየክልሉ ያለ እውነት ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «የምን ምሩቅ ነው?» የሚለው ሲሆን፣ እሱን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው፤ መልሱን የሚመረምሩት ደግሞ ከእነሱም ያንሳሉ። እኔ ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሰው ምን ይዞ ይመጣል፣ ምንስ ይጎድለዋል የሚለውን ልመርምር። ጥብቅና ያኖረኝ ሙያ ስለሆነ ለሙያው ማድላቴ አይቀርም፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብበኝ።

የኛ ዩኒቨርሲቲዎች የተወለዱት በአብዛኛው ከእርሻና ከጤና ነው። ሐዋሳ ራሱ በ1968 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅና ከዲላ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1998 ዓ.ም. ነው። ሐረማያም ከእርሻ ኮሌጅ፣ ጎንደርም ከጤና ኮሌጅ ነው የተነሡት። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የአፈር፣ የእንስሳት፣ የሕክምና ምሁር ወደ አመራር ቢመጣ አያስገርምም፤ ቤቱ የእነሱ ነበር። የሕግ ትምህርት ቤቱ በኋላ የተጨመረ ክፍል ነው።

ቢሆንም የሕግ ሰው በዩኒቨርሲቲ አመራር ላይ መታየቱ ለአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን የነበሩት አሜሪካዊው ጄምስ ፖል፣ ኋላ የዚያው ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከዩኒቨርሲቲ ውጭም የሕግ ባለሙያ ትልቅ ተቋም ሲመራ አይተናል። ከዳኝነት ወንበር ተነሥተው፣ ብዙ ከተንገላቱ በኋላ፣ ብርቱካን ሚደቅሳ በ2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ ተቋሙ ከሁሉም አቅጣጫ አቤቱታ ይዘንብበት ነበር። ከዚያ ዘመን በአእምሮዬ የቀረው ቦርዱ ውሳኔውንና ምክንያቱን ጽፎ በአደባባይ ማውጣቱ ነው። በውሳኔው የማይስማማ ሰው እንኳ የሚሟገተው ነገር በእጁ ነበር።

በውጭው ዓለም መንገዱ የቆየ ነው። ሮበርት ሃቺንስ ከየል የሕግ ትምህርት ቤት ዲንነት ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1929 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሲሆን ዕድሜው 30 ነበር። በ1939 ዩኒቨርሲቲው ከውድድር የአሜሪካ እግር ኳስ እንዲወጣ አደረገ፤ ያን ጊዜ እዚያ አገር ይህን ማድረግ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ስፖርት የሚወድ ያውቀዋል። ዴሪክ ቦክ የሃርቫርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን ነበር፤ ከ1971 እስከ 1991 ሃርቫርድን መራ። በአህጉራችን ባርኒ ፒትያና ከደቡብ አፍሪካ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ሰብሳቢነት ወደ ዩኒሳ መጥተው እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያን ግዙፍ የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲ መርተዋል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ብዬ የተከታተልኩት ሁለት ሰዎችን ነው። አንደኛው ሊ ቦሊንጀር ነው። የመናገር ነጻነት ሕግ ምሁር ነው፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሳለ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲቀበል ዘርን ከግምት ያስገባል ተብሎ በስሙ ተከሰሰ። ተስማምቶ መዝገቡን መዝጋት፣ ፖሊሲውን በጸጥታ መለወጥ ይችል ነበር። እስከ መጨረሻው ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቅድመ ምረቃ ቅበላ ለአናሳ ዘር አመልካቾች ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥ የነበረውን አሠራር ሻረው፣ የሕግ ትምህርት ቤቱን አሠራር ግን አጸናለት። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ2023፣ ፍርድ ቤቱ ያን መንገድ መልሶ ዘግቶታል። ክርክሩ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ መሟገት ይቻላል። ሰውየው ግን ዩኒቨርሲቲው የሚያምንበትን ነገር በምክንያት ለመከላከል ስሙ በተከሳሽ ቦታ መጻፉን አልፈራም።

ሁለተኛዋ ሊዝ ማጊል ናት። በዚህች ሴት ታሪክ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የሕግ ሰው ሆኖ ዩኒቨርሲቲ መምራት የሚያሳስበው ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ ነውና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበሩት በሩት ባደር ጊንስበርግ ሥር የሠራች፣ የስታንፎርድ ሕግ ትምህርት ቤት ዲን የነበረች፣ በ2022 የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የሆነች ሰው ናት። ከዚህ የጠራ የሕግ ሰው የሥራ ጉዞ ማግኘት ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 2023 ከሃርቫርድና ከኤምአይቲ ፕሬዚዳንቶች ጋር የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበች። አይሁዶች ይጨፍጨፉ ብሎ መቀስቀስ የዩኒቨርሲቲያችሁን የሥነ ምግባር ደንብ ይጥሳል ወይስ አይጥስም ተብላ ተጠየቀች። እንደ ሁኔታው ይታያል የሚል መልስ ሰጠች።

በሕግ ዓይን መልሱ ስሕተት ነበር ለማለት ይከብዳል። በዚያ አገር ሕግ ንግግር መቼ ጥፋት እንደሚሆን የሚወሰነው በእርግጥም እንደ ሁኔታው ነው። ፈተና ላይ ብትጽፈው ሙሉ ነጥብ ታገኝበት ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚጠብቃት ፈታኝ አልነበረም። የፈሩ ተማሪዎች፣ የተጨነቁ ወላጆች፣ የተቆጡ ምሩቃን ነበሩ ጆሯቸውን የሰጡት፤ እነሱ የሰሙት የአንድን መሪ ድምፅ ሳይሆን የአንድን ጠበቃ ጥንቃቄ ነው። በማግስቱ በቪዲዮ ቀርባ፣ ያን ሰዓት ትኩረቷ ዩኒቨርሲቲው ከሕገ መንግሥቱ ጋር አስማምቶ ሲሠራበት በኖረው ፖሊሲ ላይ እንደነበር፣ ማየት የነበረባት ግን ንግግሩ የሚያደርሰውን ሽብር እንደሆነ አመነች። ከምስክርነቱ በአራተኛው ቀን ሥልጣኗን ለቀቀች። እርግጥ ነው፣ አብረዋት ከቀረቡት ሁለቱ አንዷ የፖለቲካ ሳይንስ፣ አንዷ የሥነ ሕይወት ምሁር ነበሩ፤ እነሱም ተመሳሳይ መልስ ነው የሰጡት። ለጥያቄው ካዘጋጇቸው መካከል ጠበቆች እንደነበሩበት ግን በጊዜው ተዘግቧል።

ማጊል ያን ቀን የቆመችው ለማን ነበር? ጠበቃ በመዝገብ ላይ ሲቀርብ ይህን አይጠይቅም፤ ደንበኛው ውክልናውን ፈርሞ ሰጥቶታል። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ግን ውክልና የሚሰጠው አንድ ሰው የለም። ሚኒስቴሩ «ሿሚህ እኔ ነኝ» ይላል። ቦርዱ «ተጠሪነትህ ለእኔ ነው» ይላል። የዩኒቨርሲቲው የአካዳሚክ ጉባኤ፣ ሴኔቱ፣ «ዩኒቨርሲቲ ማለት እኛ ነን» ይላል። የከተማው ሽማግሌ «ልጃችን ነህ» ይላል። ከፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ የተቀመጠው ያ ልጅ ደግሞ ምንም አይልም፤ ባለ ሁለት መስመር ወረቀቱን ይዞ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። የሕግ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲቀመጥ ትልቁ አደጋው ተቋሙን እንደ ደንበኛው ቆጥሮ፣ ተቋሙ ላይ የሚነሣውን ቅሬታ ሁሉ እንደ ክስ ማየቱ ነው። ክስ ሲሆን መልሱ መካድ ወይም ጊዜ መግዛት ይሆናል። መምህሩ ደመወዜ ለምን ተቀነሰ ብሎ ሲጽፍ «ለሕግ አገልግሎት ዳይሬክቶሬት ተመርቷል» የሚል ማስታወሻ ይወጣል፤ ጉዳዩም እዚያ ይተኛል። የሙያችን ክፉ ልማድ ስለሆነ አውቀዋለሁ።

የሙያው መልካም ልማድ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚጎድላቸው ራሱ ነው። ባለጉዳዩን ሳይሰሙ አለመወሰን፣ የወሰኑበትን ምክንያት መጻፍ፣ ለተፈረደበት ሰው የይግባኝ በር መተው። ይህ ከውጭ የመጣ ዕውቀት አይደለም። አያቶቻችን በላ ልበልሃ እየተባባሉ የተሟገቱት ሁለቱም ወገን የልቡን እንዲናገር ነበር፤ መንገደኛ እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ይቆም ነበር። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሳይሰሙና ሳያሰሙ ፍርድ አይሰጡም። በዚህ ምድር ላይ የቆመ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን ሳያሰማ ሲያባርር፣ ከጎኑ ያለውን ሽማግሌ ያህል እንኳ ሥርዓት አልያዘም ማለት ነው።

በጽሑፍ የሰፈረውም ሕግ ይህንኑ ይላል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ተቋማት መመሪያ ሲያወጡ ሐሳብ እንዲቀበሉ፣ ውሳኔ ሲሰጡ ባለጉዳዩን እንዲሰሙና ምክንያታቸውን እንዲገልጹ ያዛል። አዋጁ ለየትኛው ተቋም እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ለፍርድ ቤት እንተወው። መንፈሱን የሚያውቅ ፕሬዚዳንት ግን ያን ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ፊርማ ሳይነካው ወደ ኮሚቴው ይመልሰዋል። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ በየዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚሆን በግቢ የኖረ ያውቃል። አሥር ወር ያልተገዛው ዕቃ በሰኔ ይገዛል፤ ጨረታው ይጣደፋል፤ ያልተጠናቀቀ ሕንፃ የተጠናቀቀ ተብሎ ይከፈልበታል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሣው በዋዛ አይደለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው አገር ውስጥ ሹመትን ከመብላት የሚለየው የግዥ ሥርዓት ነው። ውል ማንበብ የሚችል፣ ተቋራጩ ሲዘገይ የመያዣ ገንዘቡ መቼ እንደሚወረስ የሚያውቅ፣ «አስቸኳይ ነው» ተብሎ የቀረበለት ሁሉ አስቸኳይ እንዳልሆነ የሚጠረጥር መሪ በሰኔ ወር ብቻ ደመወዙን ያወጣል።

ይህን ካልኩ በኋላ የሕግ ሰው የሚጎድለውንም ልናገር። የሕግ ትምህርት ቤት ርካሽ ቤት ነው። መጽሐፍ፣ አዳራሽ፣ አንድ የምስለ ችሎት ክፍል ካለው ይሠራል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ግን ሪፈራል ሆስፒታል ይመራል፤ ኦክስጅን ያለቀ ዕለት የሚደወለው ወደ እሱ ነው። በወንዶ ገነት ደን አለ፣ በግብርና ኮሌጁ ከብትና ማሳ አለ፣ ይርጋለም አዋዳ ድረስ የተዘረጋ ግቢ አለ፣ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ መለዋወጫ የሚጠብቅ ማሽን አለ። ሕይወቱን ሙሉ ከፋይልና ከችሎት ጋር የኖረ ሰው አንድ ቤተ ሙከራ ያለ ሬኤጀንት፣ ማለትም ያለ መሞከሪያ ኬሚካል፣ ሦስት ወር ሲቆም ስንት የማስተርስ ተማሪ እንደሚዘገይ በደመ ነፍሱ አያውቀውም። መጠየቅ አለበት፤ መጠየቅ ደግሞ ለጠበቃ ከባድ ነው። እኛ የሠለጠንነው መልሱን ቀድመን የምናውቀውን ጥያቄ ብቻ ለምስክር እንድናቀርብ ነው።

ስለዚህ ከሕግ ዲንነት በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንትነት የሚደረግ ዝላይ አያሳምነኝም። በመካከሉ ምክትልነት፣ ያውም በአስተዳደርና ልማት ዘርፍ፣ ከመኝታ ቤቱ ውኃና ከተማሪዎች ምግብ ቤት ጤፍ ጋር የሚያጋጥም ኃላፊነት ያስፈልገዋል። የሕግ መምህራን አንድ ነገር ከሌሎቹ ቀድመው ቀምሰዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ሲሆን ብዙ የትምህርት ክፍል ተደናግጧል፤ የሕግ ተማሪ ግን ከዚያ በፊት ከዐሥር ዓመት በላይ ሲፈተን ኖሯል። ተማሪያቸው በውጭ ሚዛን ሲመዘን፣ ሲወድቅባቸውም ሥርዓተ ትምህርቱን ከፍተው ሲያርሙ የቆዩ ሰዎች ናቸው። ይህ ልምድ ለአንድ ፕሬዚዳንት ትንሽ ስንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ራስ ገዝነቱ ልመለስ፤ ፍርሃቴ ያለው እዚያ ነውና። ሥልጣን ከሚኒስቴር ወደ ግቢው ሲወርድ የሴኔቱ ሕግ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው መተዳደሪያ ደንብ፣ እንደገና መጻፉ አይቀርም። ያን ጊዜ የሕግ ሰው ፕሬዚዳንት የሆነበት ዩኒቨርሲቲ ዕድለኛ ሊሆን ይችላል፤ ረቂቁን አንብቦ ቀዳዳውን የሚያይ መሪ አለው። ያው ሰው ግን ቀዳዳውን ለራሱ ሊያሰፋውም ይችላል። በብዙ ቦታ አሁን ባለው አሠራር ተማሪን የሚቀጣው ኮሚቴ በአመራሩ ይሰየማል፣ ቅጣቱን አመራሩ ያጸድቃል፣ ይግባኙም ዞሮ ለዚያው አመራር ይቀርባል። ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ይግባኝ ሰሚም አንድ ደጅ ነው። ሚኒስቴሩ ከላይ ሳለ ቢያንስ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚጮህ ሰው ይኖር ነበር። ራስ ገዝ ሲሆን ጩኸቱ የሚቀረው በግቢው አጥር ውስጥ ነው።

ለሐዋሳ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር የሕግ ሰው ቢመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ከአንተ ቢሮ ውጭ የሆነ፣ አንተ የማትሾመውና የማትሽረው፣ ውሳኔህን ሊሽር የሚችል የይግባኝ አካል በመጀመሪያው ዓመት ታቋቁማለህ ወይ? በአባልነት መምህር፣ ተማሪ፣ ከከተማው የተከበረ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ ቢኖርበት። የሥራ ጉዞው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከየትኛውም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪ ቢይዝ፣ ለዚህ ጥያቄ «እንደ ሁኔታው ይታያል» ካለኝ ድምፄን ለአፈር ምሁሩ እሰጣለሁ።

ልጁን በተመለከተ፣ ይግባኙን በአንድ ገጽ ጻፍንለት። መልሱ በሰባተኛው ሳምንት መጣ፤ ይህኛው ዐሥራ አንድ መስመር ነበረው፣ አንቀጽም ተጠቅሶበታል። ሁለት ዓመት የነበረው እገዳ ወደ አንድ ሴሚስተር ወርዷል። መልሱ ሲደርሰው ግን የመመዝገቢያው ጊዜ አልፎ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ከመናኸሪያ ፒያሳ የአጎቱን ባጃጅ ሲነዳ ቆየ። ባለፈው ወር አሳፍሮኝ ነበር። ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ ሁለቱንም ደብዳቤዎች በፕላስቲክ አድርጎ ከመሪው አጠገብ ባለው ኪስ ይዟቸዋል።